ክንፍ ከመግጠም በፊት ክርና ውኃ

የጋራዥ ዓምድ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አራቱ ከጎጃም የመጡ ሲሆኑ፣ አራቱም የሚጠይቁት ለትርፍ ጊዜ ውድድር በተዘጋጀች መኪና ላይ በቤት ውስጥ ስለሚሠሩ የነፋስ መምሪያዎች ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ የሌሎቹም መሠረት ስለሆነ ሰፊውን ቦታ ለእሱ ሰጥተነዋል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው በባሕር ዳር ሲሆን መተዳደሪያዬ የባትላሜራ ሥራ ነው። ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ሆነን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ የተሠራች አንዲት ቶዮታ ዲኤክስ ገዝተን፣ የኋላ ወንበሯን አውልቀን፣ በተፈቀደልን የተዘጋ ሜዳ ላይ ኮን እየደረደርን በሰዓት እንፎካከርባታለን። ረጅሙ ቀጥተኛ መንገዳችን 400 ሜትር ያህል ሲሆን በእሱ ላይ ፍጥነታችን እስከ 100 ይደርሳል፤ መታጠፊያዎቹን ግን የምናልፋቸው ከ50 እስከ 60 ባለው ፍጥነት ነው። አሁን ርዝመቱ 1 ሜትር ከ40፣ ስፋቱ 25 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክንፍ ከላሜራ ሠርቼ የኋላ ኮፈኑ ላይ ልበይደው አስቤያለሁ። ጓደኞቼ መኪናዋን ከመሬት ጋር ያጣብቃታል ይላሉ። ስንት ዲግሪ ላጋድለው? ላሜራውስ ስንት ሚሊ ይሁን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከዲግሪውና ከላሜራው ውፍረት የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ፤ እሱም ይህ ክንፍ እርስዎ በሚነዱበት ፍጥነት ስንት ኪሎ ይጫናል የሚለው ነው።

በክረምት መግቢያ ማዕበል ሲነሳ የቆርቆሮ ክዳን ተገንጥሎ የሚሄደው ነፋሱ ከሥር ገብቶ ስለሚያነሳው ብቻ አይደለም። የጣሪያውን ጫፍ ታጥፎ የሚያልፈው ነፋስ ፍጥነቱ ስለሚጨምርና ግፊቱ ስለሚቀንስ ክዳኑን ከላይ ወደ ላይ ይመጠዋል። በመኪናዎ ጣሪያና በኋላ መስታወቷ ላይ የሚሆነውም ይኸው ስለሆነ፣ ማንኛዋም ተራ የቤት መኪና በፍጥነት ስትሄድ በጎማዎቿ ላይ የሚያርፈው ክብደት በጥቂቱ ይቀንሳል። የውድድር ክንፍ ይህንኑ ነገር ገልብጦ መጠቀም ነው፤ ሆዱ ወደ ታች ስለሚዞር ምጠቱ ከሥሩ ይሆንና ጎማውን ወደ መሬት ይጫነዋል።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ በ20 ዲግሪ ሙቀት አንድ ሜትር ኩብ አየር የሚመዝነው 0.97 ኪሎ ግራም ያህል ነው፤ በባሕር ወለል ላይ ግን 1.2 ኪሎ ግራም ይመዝን ነበር። የክንፍዎ ስፋት 0.35 ሜትር ካሬ ነው። በደንብ የተሠራ ክንፍ ነው ብዬ፣ በንጹሕ ነፋስ ውስጥም ተቀምጧል ብዬ በልግስና ባሰላው እንኳ፣ በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሰጥዎ ጫና 13 ኪሎ ያህል ነው። ነፋስ የሚያሳድረው ኃይል በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግና ስለሚያንስ፣ በ60 ሲያልፉ ይህ ጫና ወደ 5 ኪሎ፣ በ50 ደግሞ ወደ 3 ኪሎ ይወርዳል። ሰዓት የሚያተርፉት ወይም የሚያጡት በመታጠፊያው ላይ ስለሆነ፣ ከነሹፌሯ 950 ኪሎ በምትመዝን መኪና ላይ 5 ኪሎ ጫና መጨመር የመቶ ግማሽ ያህል መሆኑ ነው። ከላሜራ የሚሠሩት ክንፍ ከነእግሩ ራሱ ከዚያ በላይ እንደሚመዝን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ።

ጉዳዩ በዚህ አያበቃም። ክንፉ የሚቀመጠው ከኋላው ጎማ ማዕከል በስተኋላ፣ 80 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ ነው እንበል። የመኪናዋ የፊትና የኋላ ጎማ ርቀት 2 ሜትር ከ40 ስለሆነ፣ ክንፉ በኋላው ጎማ በኩል እንደ ሚዛን ይሠራል፤ በ100 ፍጥነት ከኋላ 17 ኪሎ ሲጨምር ከፊት 4 ኪሎ ያነሳል። የፊት ጎማዋ አልይዝ እያለ መሪ ስታዞር ወደ ውጭ የምትሸሽ መኪና ከሆነች፣ ችግሯን አባባሱት እንጂ አልፈወሱትም። ደብዳቤዎ ስለዚህ ጠባይዋ ምንም አይነግረኝም፤ ክንፍ ከመቁረጥዎ በፊት መጀመሪያ መታወቅ የነበረበት ግን እሱ ነው። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች እንደሚባለው፣ በሥዕል ያየነውን ክንፍ ሁሉ ስንቀዳ ያ ክንፍ ከ200 በላይ ለሚነዳ መኪና የተሠራ መሆኑን እንዘነጋለን።

ጠፍጣፋ ላሜራን በተመለከተ፣ አጋድመው ቢያስቀምጡት ጥቂት ይሠራል፤ ከ10 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ ግን ነፋሱ ከሆዱ ላይ ይላቀቅና ጉተታው ብቻ ይቀራል። ክንፍ ካሉ ግንባሩ ክብ፣ ጅራቱ ቀጭን፣ ሆዱ የተቆለመመ ይሁን፤ የውስጥ ዘንጎቹን ከኮምፔርሳቶ ቆርጠው በቀጭን አሉሚኒየም ቢያለብሱት ከላሜራው ይቀላል፣ ቅርጹንም ይይዛል። በጅራቱ ጠርዝ ላይ ቀጥ ብሎ የሚቆም፣ ከክንፉ ስፋት ከመቶ 1 ወይም 2 እጅ ብቻ የሚሆን ትንሽ ጠርዝ ቢያክሉበት ጫናው ይጨምራል፤ ይህን ዘዴ በውድድር መኪና ላይ ያስለመደው እ.ኤ.አ. በ1971 አሜሪካዊው ዳን ገርኒ ሲሆን ጠርዙ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። በእርስዎ ክንፍ ላይ ከ2.5 እስከ 5 ሚሊ ሜትር መሆኑ ነው።

እኔ ብሆን ግን ክንፉን ለጊዜው ትቼ የኋላ ኮፈኑ ጫፍ ላይ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ቁመቱ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቀና ብሎ የሚቆም ጠርዝ፣ ማለትም ስፖይለር እገጥማለሁ። እንደ ዲኤክስ ኮፈኗ ከኋላ ተዘርግቶ በሚያልቅ መኪና ላይ፣ ዝቅ ያለ ክንፍ ጣሪያው ባወከው ነፋስ ውስጥ ይቀመጥና የታሰበውን አይሠራም፤ ትንሹ ስፖይለር ግን ኮፈኑ ላይ የሚያልፈውን ነፋስ አዘግይቶ ግፊቱን ከፍ ስለሚያደርግ ወደ ላይ የሚመጠውን ኃይል ይቀንሳል። የሚወስድብዎ ግማሽ ቀንና አንድ ቁራጭ ላሜራ ነው። ከፊት ደግሞ ከፓራውርቶው ሥር የሚወርድ መከለያ ቢሠሩ ወደ መኪናዋ ሆድ የሚገባው ነፋስ ያንሳል። ከመከለያው ግርጌ ወደ ፊት የሚወጣው ጠፍጣፋ ስፕሊተር፣ ለምሳሌ 8 ሴንቲ ሜትር ቢወጣ፣ ላዩ ላይ ከሚያርፈው ግፊት ብቻ በ100 ፍጥነት 4 ኪሎ ያህል ነው የሚያተርፍልዎ፤ ከሥሩ የሚመጣው ምጠት የሚጨመረው ለመሬት ቅርብ ሆኖ ሲቀመጥ ነው።

ስለ ማሰሪያው ግን ረዘም አድርጌ ልናገር። እ.ኤ.አ. በ1966 ቻፓራል 2ኢ የተባለው የአሜሪካዊው ጂም ሆል የውድድር መኪና ክንፉን በረጃጅም እግሮች ከፍ አድርጎ በቀጥታ በጎማ ተሸካሚዎቹ ላይ በማሳረፉ ብዙዎች ቀዱት፤ በ1968 በቤልጅግ ክንፍ ወደ ፎርሙላ ዋን ገባ። በግንቦት 1969 በስፔን ሞንትጁይክ በተደረገው ውድድር በሎተስ መኪኖች የተወዳደሩት የግራሃም ሂልና የዮኸን ሪንት ክንፎች በየተራ ተሰበሩና ሁለቱም መኪኖች ተጋጩ፤ በዚያው ወር በሞናኮ ከፍተኛው ክንፍ ታገደ። የዓለም ምርጥ መሐንዲሶች የሠሩት እግር እንዲህ ከተሰበረ፣ በቀጭን የኮፈን ላሜራ ላይ የተበየደ እግር ምን እንደሚሆን ለመገመት አይከብድም። ብየዳው ራሱ ባይሰነጠቅ እንኳ በብየዳው ዳር ያለው ላሜራ በመንቀጥቀጥ ብዛት ይሰነጠቃል። ስለዚህ አይበይዱት። እግሮቹን ከቱቦላሬ ሠርተው ኮፈኑን በስተው በማሳለፍ ከሥር ባለው የሻንሲ ብረት ላይ በብሎን ይሰሩ፤ ከውስጥ የእጅ መዳፍ የሚያህል ወፍራም ሳህን፣ ሰፊ ሮንዴላና ናይለን ያለው ዳዶ ያድርጉ። ከዚያ ግማሽ ኩንታል አሸዋ ክንፉ ላይ ጭነው ያሳድሩት። ጠዋት ሲያዩት ያልጎበጠ፣ ያልተሰነጠቀ ከሆነ ይነዳበታል።

ይህን የምለው ከራሴ ስሕተት ተምሬ ነው። ከዓመታት በፊት ከ6 ሚሊ ኮምፔርሳቶ የሠራሁትን የፊት ስፕሊተር በፕላስቲክ ማያያዣና በቀጭን ሽቦ ፓራውርቶው ላይ አንጠልጥዬ ወጣሁ። በቆመበት ሲያዩት ያምር ነበር። በ90 ገደማ ላይ ሜዳው ጥቂት ጎድጎድ ሲል ጫፉ መሬት ነካ፣ ወደ ሥር ታጠፈና የግራው የፊት ጎማ ወጣበት፤ መሪው ከእጄ ሊያመልጥ ሲል ፍሬን ይዤ ቆምኩ። ፓራፋንጎው ተቀዷል፣ ኮምፔርሳቶው ሦስት ቦታ ተሰባብሯል፣ አንዱ ስባሪ ደግሞ ራዲያተሩ ፊት ተሰክቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ በአንድ እግሬ ቆሜበት የማይሸከመኝን ስፕሊተር አልገጥምም።

ሥራው መሥራቱን የሚያዩት በሁለት ርካሽ ነገሮች ነው። የመጀመሪያው ክር ነው፤ እናትዎ የፈተሉት ነጭ የጥጥ ክር ይበቃል። በ10 ሴንቲ ሜትር ቆራርጠው አንድ ጫፉን በፕላስተር በኮፈኑ፣ በኋላ መስታወቱና በክንፉ ሆድ ላይ ያጣብቁና ጓደኛዎ በሌላ መኪና ጎን ለጎን እየሄደ በስልክ ይቅረጸው። ክሩ ወደ ኋላ ተኝቶ ከቀጠለ ነፋሱ አልተላቀቀም፤ እየተሽከረከረ ወይም ወደ ፊት እየዞረ ከሆነ እዚያ ቦታ ላይ የሚያክሉት ነገር ሁሉ ድካም ነው። ክንፉን ከ5 ዲግሪ ጀምረው በ2 በ2 እያሳደጉ የሆዱ ክሮች መጨፈር ሲጀምሩ አንድ ደረጃ መልሱት፤ ስለ ዲግሪው የጠየቁት ጥያቄ መልሱ ይህ ነው።

ሁለተኛው ግንበኞች ውኃ ልክ የሚያዩበት ግልጹ ቱቦ ነው። በጣውላ ላይ በ«ዩ» ቅርጽ አጥፈው ማስመሪያ ከጎኑ ለጥፈው፣ ቀይ ሥር ያቀላው ውኃ እስከ ግማሹ ይሙሉበት። አንዱን ጫፍ ግፊቱን ሊያውቁ ወደሚፈልጉት ቦታ ይዘርጉና አፉ የነፋሱን መንገድ እንዳያቋርጥ አስተኝተው በፕላስተር ያጣብቁት፤ ሌላው ጫፍ መስኮቷ በተዘጋ መኪና ውስጥ ይቅር። በ80 ፍጥነት ነፋሱ ፊት ለፊት በሚያርፍበት ቦታ ውኃው በሁለቱ ክንዶች መካከል 24 ሚሊ ሜትር ያህል ልዩነት ያሳያል፤ ከዚያ እጅግ የበለጠ ካነበቡ ቱቦው ፈስሷል ወይም ዓይንዎ ተሳስቷል። ነዳጅ ሲሰጡና ፍሬን ሲይዙ ውኃው ስለሚንሸራተት ጣውላው ከግራ ወደ ቀኝ ይቀመጥ፣ ንባቡም ፍጥነቱ ሲረጋ ብቻ ይወሰድ። አንባቢው ሹፌሩ እንዳይሆን።

ጥያቄ፦ በደብረ ማርቆስ የአውቶሞቲቭ ተማሪ ነኝ። ከክፍል ጓደኞቼ ጋር በምንሠራት መኪና ላይ ነፋስ እንዳያግዳት ብለን የፊት ፍርግርጓን በላሜራ ዘጋነው፤ ሦስተኛው ዙር ላይ ውኃዋ ፈላ። የኮፈኑን የኋላ ጫፍ በሮንዴላ ከፍ አድርገን ሙቀቱ እንዲወጣ ብናደርግ ይረዳል?

መልስ፦ እህቴ፣ በደብረ ማርቆስ ከፍታ አየሩ በባሕር ወለል ካለው በሩብ ያህል ስለሚሳሳ በራዲያተሩ ውስጥ በሰከንድ የሚያልፈው የአየር ክብደትም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ውኃም ክዳን ሳይኖረው እዚያ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ስለሚይዝ ይህን ከፍ ያደርገዋል እንጂ ከፍታውን አያስቀረውም። በዝቅተኛው አገር የሚሠራ ልማድ እናንተ ዘንድ ቶሎ የሚከዳው በዚህ ምክንያት ነው።

ኮፈኑን ከኋላ ማንሳት ግን እንደሚመስለው አይደለም። የፊት መስታወቱ ግርጌ ነፋስ የሚታጨቅበት የከፍተኛ ግፊት ቦታ ስለሆነ፣ በሚነዱበት ጊዜ በዚያ ክፍተት ሙቀት በመውጣት ፈንታ ነፋስ ሊገባ ይችላል፤ ያን ጊዜ ከራዲያተሩ ኋላ ግፊቱ ያድግና በራዲያተሩ የሚያልፈው አየር ጭራሽ ያንሳል። ኮፈኑ የተነሳ መኪና ቆሞ ሲያዩት እንፋሎት ስለሚወጣው ብዙ ሰው ይታለላል። መውጫ መክፈት ካስፈለገ ከፊት ጫፍ እስከ መሐሉ ባለው፣ ከላይ የተነገረው የውኃ ቱቦ ዝቅተኛ ግፊት በሚያሳይበት ቦታ ላይ ይሁን። ከዚያ በፊት ግን ላሜራውን አንሥታችሁ ክፍተቱን ከራዲያተሩ ስፋት በግማሽ ያህል አሳንሱት፤ በራዲያተሩ ዙሪያ ያሉትን ቀዳዳዎች ሁሉ በስፖንጅና በላስቲክ ድፈኑ። አየር ቀላሉን መንገድ ስለሚመርጥ ጎን ለጎን የሚያልፍበት ካገኘ በራዲያተሩ ውስጥ ሊደክም አይሄድም። በስንት ሚሊ እንደዘጋችሁ እየጻፋችሁ የሙቀት መለኪያውን እያያችሁ በጥቂት በጥቂቱ ቀንሱ።

ጥያቄ፦ ከፍኖተ ሰላም ነው የምጽፈው። በቪትዝ መኪናዬ የኋላ ሆድ ላይ ከኮምፔርሳቶ በ25 ዲግሪ ወደ ላይ የሚወጣ ዲፊዩዘር ሠርቻለሁ። ለውጥ አላየሁም።

መልስ፦ ዲፊዩዘር በመኪናዋ ሆድ ሥር ያለፈውን ነፋስ ቀስ እያሰፋ ወደ ኋላ የሚያወጣ ዘንበል ያለ ጣሪያ ነው፤ በ25 ዲግሪ ግን ነፋሱ ተከትሎት አይወጣም፣ ይላቀቃል። በቤት ለሚሠራ ከ7 እስከ 10 ዲግሪ መጀመር ይሻላል። ሆኖም ከዲፊዩዘሩ በፊት ያለው ሆድ ቱቦ፣ ማርሚታና ጉድጓድ የሞላበት ከሆነ፣ የደረሰው ነፋስ ቀድሞውኑ የተበጠበጠ ስለሆነ ትርፉ ትንሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 እና በ1978 በሎተስ 78 እና 79 የውድድር መኪኖች ላይ የታየው የሆድ ምጠት የተገኘው መላው ሆድ ለዚያ ተብሎ ተቀርጾ፣ ጎኖቹም እስከ መሬት ተዘግተው ነው፤ ከኋላ አንድ ጣውላ በመግጠም አይደለም። ቪትዝዎ ወደ ሥራ የሚሄዱባት መኪና ከሆነች ደግሞ ከመሬት ያላት ከፍታ ለዚህ ጨዋታ አይመችም፤ ዝቅ ካደረጓት የመንገድ ጉብታው ይፈርድባታል። አንድ ነገር ግን ዛሬውኑ ያድርጉ፦ ኮምፔርሳቶው ለማርሚታው ቅርብ ከሆነ ያውልቁት፤ እሳት ይይዘዋል።

ጥያቄ፦ የደጀን ነዋሪ ነኝ። የሠራነው የፊት መከለያ ጥቅም እንዳለው ለማየት በዓባይ በረሃ ቁልቁለት ማርሽ አውጥተን ስንት ፍጥነት እንደምንደርስ ብንለካ ምን ይመስልዎታል?

መልስ፦ አይሆንም። ከደጀን እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ የሚወርድ ጠመዝማዛ መንገድ ነው፤ ፍሬኑ የጋለ ከባድ መኪና ከፊት፣ ፍሬኑ የሌለው ከኋላ ይመጣል፤ ማርሽ ማውጣት ደግሞ በቁልቁለት ላይ የሞተሩን እገዛ አውቆ መጣል ነው። ውጤቱም አይረባም፤ በየመቶ ሜትሩ ቁልቁለቱ ስለሚለያይ፣ ሸለቆውም የራሱ ነፋስ ስላለው፣ የለካችሁት መከለያውን ይሁን ገደሉን አትለዩም።

ይልቅ ጠፍጣፋና የተዘጋ መንገድ ፈልጉ፤ ነፋስ ሳይነሳ በማለዳ ይሁን። ጎማዎቹን ነፍታችሁ፣ ጥቂት ነድታችሁ አሙቃችሁ፣ በ85 ላይ ማርሽ አውጡና መኪናዋ ከ80 ወደ 60 እስክትወርድ ስንት ሰከንድ እንደፈጀባት ሰዓት ያዙ። ወዲያው ዞራችሁ በተቃራኒው አቅጣጫ ድገሙት፤ የሁለቱ አማካይ ነው የሚቆጠረው። ከመከለያው ጋር ሦስት ጊዜ፣ ያለ መከለያው ሦስት ጊዜ አድርጋችሁ፣ በመሐል ሰውም ዕቃም ከመኪናዋ አይውጣ፣ አይግባ። በሦስቱ ሙከራዎች መካከል የሚታየው ልዩነት መከለያው ካመጣው ልዩነት የሚበልጥ ከሆነ ገና አልለካችሁምና በሌላ ማለዳ ተመለሱበት።